ለብቻዬ የሚቀርበው ሳህን

አምቦ፣ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ያሉት ባልደረቦቼ ምሳ አብረን እንብላ ሲሉኝ ሰበብ አላጣም። ሰበቤን ሁሉም ያውቁታል። ስኳር አለባት ይላሉ፣ ያዝኑልኛል፣ ከዚያ ትሪውን ከበው ይጎራረሳሉ። ማዘናቸው ያናድደኛል። መጎራረሳቸው ደግሞ ያስቀናኛል፤ ይህን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ስኳሩ የያዘኝ በከተማችን በሸነን፣ እናትና አባቴ ቤት ሆኜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስማር ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን እየረገጠ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ደንበኛው ላይ የሚቀልድ ሰው። ፍሪጅ ስላልነበረን ኢንሱሊኔን እርጥብ አሸዋ በሞላበት ማሰሮ ውስጥ የሚያስቀምጥልኝ እሱ ነው፤ እናቴ እንኳ ማሰሮውን እንድትነካ አይፈቅድም። ከተወጋሁ በኋላ ጥቂት ቆይቼ የግድ መብላት እንዳለብኝ ነርሷ ስታስረዳን አብሮኝ ነበር። መነጽሩን አውልቆ፣ አንገቱን አዘንብሎ ሰማት።

ገበታ ላይ ሲቀርብ ግን የነርሷ ነገር ከጆሮው ይወጣል። የመጀመሪያው ጉርሻ ሁልጊዜ የእኔ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ወጡ እስከ ክርኑ ይወርዳል። አባዬ ይበዛል ስለው የአባት እጅ ስኳር የለበትም ይለኛል። እናቴ ትቆጣለች፣ እኔ አፌ ሞልቶ መሳቅ ያቅተኛል። እንደዚያ አድርጎ ማንም አጉርሶኝ አያውቅም።

ነገሩ የተበላሸው በሚካኤል ዝክራችን ቀን ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቧል፣ ድፎው ቀርቧል፣ የሚጠበቁት ቄሱ ብቻ ናቸው። እየመጡ ነው ሲባል እኔም ጓዳ ገብቼ መርፌዬን ተወጋሁ። ለካ ቄሱ መንገድ ላይ ሌላ ባለ ዝክር ቤት አስገብቷቸው ኖሯል። ቀሩ። ሳይባረክ ደግሞ የሚበላ የለም። ስኳሬ ወርዶ ላቤ ሲመጣ፣ ከድፎው ጫፍ ልቆርስ እጄን ዘረጋሁ። አባቴ በሰው ፊት አፍሮ እጄን ቀስ ብሎ ያዘው።

“ቆዪ ልጄ፣ ቄሱ ደረሱ” አለኝ።

ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው እናቴ ስኳር በጣቷ እያነሳች ድዴን ስታሸኝ ነው። ሰዉ ሁሉ ይንጫጫል። አባቴ ግርግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላጎረሰኝም። በፈንታው ሳህን ገዛልኝ። ማንም ሳይቀምስ፣ ቄስ ሳይባርክ፣ እንግዳ ሳይስተናገድ የእኔ ሳህን ይቀርባል። ሠርግ ላይ እንኳ አስተናጋጆቹን እየዞረ የልጄን አስቀድሙ ይላል። ልክ ነበር፤ ሐኪም ቢያየው ያመሰግነዋል። እኔ ግን ቀድሜ ጨርሼ ጥጌን ይዤ እቀመጥና እነሱ ትሪውን ከበው ሲሳሳቁ አያለሁ። ጠግቤ እያለሁ ሆድ ይብሰኛል። አምቦ ሄጄ ስማርም፣ ሥራ ስይዝም፣ በዓል በመጣ ቁጥር የሸነን መኪና ላይ ስሳፈር ዘንድሮስ ይረሳው ይሆን እያልኩ ነው። እሱ መቼ ረስቶ።

ከመሞቱ በፊት በነበረው የመጨረሻ መስቀል ጨክኜ ተናገርኩ። መድኃኒቴ መለወጡን፣ አሁን ምግቡ ፊቴ ከቀረበ በኋላ የምወጋው መሆኑን አስረዳሁት። ከእናንተ ጋር ነው የምበላው አልኩት። ሳህኔን አየ፣ እናቴን አየ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

“ኮቱ” አለኝ። ሆዱ ሲራራ ነይ የሚለኝ በኦሮምኛ ነው።

ትሪው መጣ፣ ተወጋሁ፣ እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ። እናቴ አጎረሰችኝ። እሱ እንጀራውን ቆረሰ፣ ክትፎውን ጠቀለለበት፣ አጠበቀው፣ አነሳው። የድሮውን ያህል ትልቅ አልነበረም። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። እጁ መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

“ይኼ ይበዛል?”

“አይበዛም አባዬ።”

እጁ አልተንቀሳቀሰም። ቆይቶ ጉርሻውን ቀስ ብሎ እንጀራው ላይ፣ ከፊቴ አስቀመጠው።

“እጄን አላምነውም ልጄ” አለ። “አንቺ ታውቂያለሽ፣ ራስሽ አንሺው።”

ልለምነው ፈልጌ ነበር፤ ዓይኑን ሳይ ተውኩት። እሱ የጠቀለለውን በገዛ እጄ አንስቼ ጎረስኩ። እስክውጠው ድረስ ዓይኑን ከአፌ ላይ አልነቀለም።