በእማማ ትርንጎ ጉልበቶች መሃል

ልጅ ሳለሁ ሐሙስን እጠብቀውም እፈራውም ነበር። እናቴ ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ባለጠጋ ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር ወደ እኔ የምትመጣው ሐሙስ ማታ ነው፤ ዓርብን አብራኝ ውላ ትመለሳለች። እሷ ከመድረሷ በፊት ግን ፀጉሬ መሠራት ነበረበት። ፀጉር መሠራት ደግሞ ለእኔ ዓይነቷ ቅብጥብጥ እስር ቤት ማለት ነው።

ሠሪዋ እማማ ትርንጎ ነበሩ። በወጣትነታቸው ከአርማጭሆ ወጥተው ካርቱም ላይ ያረጁ ሴት ናቸው። አል-ሳሃፋ ሰፈር በተከራየንበት ግቢ ከበሩ አጠገብ ያለችው ክፍል የእሳቸው ነበረች፤ እናቴ በማትኖርባቸው ቀናት የሚያሳድሩኝም እሳቸው ናቸው። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ግቢው ውሃ ተረጭቶ አቧራው ሲረጋ የገመድ አልጋቸውን ወደ ውጭ ያወጣሉ፣ ከሻይ የተረፈውን የከሰል ፍም አመድ አልብሰው ከጎናቸው ያኖራሉ፣ በላዩም ቅቤና ዘይት የተቀላቀለበትን ጣሳ ይጥዳሉ። ዘይቱን የምትሰጣቸው ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን ናት፤ ቅቤው በሰው እጅ ከጎንደር የመጣ ነው። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር አንዲት ፋኖስ ምሰሶው ላይ ትንጠለጠላለች፣ እኛ የግቢው ሴት ልጆችም በከሰሉ ጢስና በቅቤው ሽታ መሃል ተኮልኩለን ተራችንን እንጠብቃለን።

የእማማ ትርንጎ ሕግ አንድ ነበር፤ ተረቱ የሚሄደው እጃቸው ሲሄድ ነው። ጭንቅላቷን ያነቃነቀች ልጅ ተረቱን ታስቆማለች፣ የሁላችንም ዓይን እሷ ላይ ያፈጣል። ሹሩባው ሲያልቅ ደግሞ ተረቱ ያልቃል፣ የትም ይድረስ። ዞማ ፀጉር ያላቸው ልጆች ቶሎ ተሠርተው ስለሚነሡ የሚደርሳቸው ተረት ትንሽዬ ነበር። የእኔ ፀጉር ከርዳዳ ነው፣ እፍግ ያለ፣ ሚዶ የሚሰብር። ስለዚህ ተራዬ መጨረሻ ላይ ይሆንና ረጅሙ ተረት የሚወጣው በእኔ ራስ ላይ ነበር፤ ተሠርተው የጨረሱት ልጆች እንኳ እሱን ሳይሰሙ ወደየቤታቸው አይገቡም። ይህ ክብር መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። የማውቀው ጭንቅላቴ መቃጠሉን ብቻ ነው።

ከሁሉም የማስታውሰው የጅቡን ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ሰምታችኋል» ይሉናል እማማ ትርንጎ፣ «ከመሄዱ በፊት ማን ቤት እንደገባ ግን አልሰማችሁም።» የገባው ፀጉር ሠሪ ቤት ነው። ሰርግ ሊሄድ አስቦ፣ እንዳይለዩት ፈርቶ፣ «ጋማዬን ሹሩባ ሥሪኝና ሰው ልምሰል» ይላታል። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት። ሥራዋን የጨረሰች ዕለት እንደሚበላት ታውቃለች፤ ስለዚህ «ይቺኛዋ ተጣመመችብኝ» እያለች የሠራችውን ትፈታለች፣ እንደገና ትጎነጉናለች፣ ንጋትን ትጠብቃለች። እዚህ ላይ ሲደርሱ የእማማ ትርንጎ ጣቶችም ይዘገያሉ። ልጆቹ ለሴትዮዋ ይጨነቃሉ፤ እኔ ግን የማዝነው ለጅቡ ነበር፣ ያን ያህል ጊዜ መቀመጡ።

አርፌ አለመቀመጤ ከቅብጥብጥነት ብቻ አልነበረም። የግቢው ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ «እናትየው ዞማ፣ ልጅቷ ይሄን ፀጉር ከማን አመጣችው?» ሲሉ እሰማ ነበር። አባቴን አላውቀውም። ካርቱም ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ ከእናቴ ጋር ተጋብተው፣ እኔ ሳልወለድ ወደ ሊቢያ ወጣና የውሃ ሽታ ሆነ። ፎቶ እንኳ አልተወም። በሙቀቱና በሲሚንቶው አቧራ ምክንያት ራሱን ሁልጊዜ ይላጭ ስለነበር እናቴ ፀጉሩን አይታው አታውቅም። ለሐሜቱ የምትመልሰው አልነበራትም፤ እኔም ከማን እንደሆንኩ የሚነግረኝ አጥቼ እዚህና እዚያ እል ነበር።

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች በዓመቱ የአባቴ እህት ልታየኝ ከጎንደር እንደምትመጣ ተሰማ። የወንድሟ ልጅ መሆኔን ካመነች በስሙ እንድጠራ፣ አገሬም ገብቼ እንድማር ትወስደኛለች። ካላመነች ሐሜቱ እውነት ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም አስፈራኝ። አዎ ካለች ከእናቴ እለያለሁ፣ አይ ካለች ደግሞ የማንም አይደለሁም። የዚያን ሰሞን ምግብ እንኳ ቆሜ ነበር የምበላው።

አክስቴ የምትመጣው ዓርብ ነው። በዋዜማው እናቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣች፣ በእጇም የፀጉር ማለስለሻ ክሬም ይዛለች።

እማማ ትርንጎ አዩትና «ሴትየዋ የምትመጣው ልጅ ልታይ ነው ክሬም ልታይ?» አሏት።

«መዓሌሽ፣ ይቅር ይበሉኝ እማማ፣» አለች እናቴ፣ «ሐሜቱን የለበስኩት እኔ ነኝ። ከርዳዳ ሆና ካየቻት አበቃልኝ።»

እማማ ትርንጎ የቅቤውን ጣሳ ከፍሙ ላይ አነሡት። የዚያን ዕለት ተረት አልነበረም። እናቴ በጨርቅ እጇን ጠቅልላ ከግንባሬ ጀምራ ትቀባኝ ገባች፤ እኔ ስቃጠል ተወራጨሁ፣ ተጠማዘዝኩ፣ ማጅራቴ ጋ ሳትደርስ አመለጥኳትና ራሴን ከውሃ በርሜሉ ውስጥ ነከርኩት። የተቀባው ታጥቦ ሲደርቅ ትከሻዬ ላይ ወርዶ ማጅራቴን ሸፈነው። እናቴ እየደጋገመች ዳሰሰችው፣ ከደስታዋም ብዛት አለቀሰች። እኔ መስታወት ውስጥ ያየኋትን ልጅ አላወቅኋትም፤ ፈራኋት።

አክስቴ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አስራ፣ ጉዞ ያጠቆራት፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። ሻይ ቀረበላት። ጉንጬን ስማ፣ አገጬን ይዛ አየችኝ፣ ዓይኗ ፀጉሬ ላይ ሲደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ቆንጆ ልጅ ናት። እናቷን ናት» አለች ቀስ ብላ። «እኛ ቤት ግን እንዲህ ያለ ፀጉር የለም። ወንድሜ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከርዳዳ ነው፣ እናታችን ስታበጥረው አገር ይሰማ ነበር።»

የእናቴን ፊት ዛሬም አልረሳውም። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ «ክሬም ነው እኮ፣ ትናንት ነው የቀባኋት፣ የሷም እንደሱ ነው» አለች፣ ቃሉ እርስ በርሱ እየተደናቀፈባት። እውነት ነበር። ግን እዚያው የተፈጠረ ውሸት ይመስል ነበር፣ እናቴም እንደሚመስል ገብቷታል።

«እንግዲህ ምን እላለሁ፣ እግዜር ያውቃል» ብላ አክስቴ ነጠላዋን ሰበሰበች። «ባጃጁ ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»

«ረክሻ ሞልቷል፤ ሻይሽን ጨርሺ፣ ኢንሻላህ ትሄጃለሽ» አሉ እማማ ትርንጎ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ያላ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ።

በዓርብ ጠራራ ፀሐይ፣ እንግዳ ፊት፣ ፀጉር ሠርተው አያውቁም። በጉልበቶቻቸው መሃል አስገቡኝና ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ጅቡ ማውራት ጀመሩ። ሚዶው ያለ ድካም ወረደ፤ ፀጉሬ ከጣቶቻቸው ያመልጣል፣ ተረቱም ከልማዱ ፈጥኖ ሮጠ። አክስቴ ለይሉኝታ ብርጭቆዋን ይዛ ተቀምጣለች። እናቴ አጥሩ ጥግ ፊቷን አዙራለች። ሰርጉ ሊደርስ ነው፣ ሊነጋ ነው፣ ሴትዮዋ አንዲት ሹሩባ ቀርታታለች። በዚህ መሃል ሚዶው ማጅራቴ ላይ ያዘና «ውይ!» ብዬ ጮህኩ።

የእማማ ትርንጎ እጅ ቆመ። ተረቱም ቆመ። ማጅራቴ ሳይቀባ መቅረቱን ቀድመው አይተው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም፤ የለሰለሰውን ፀጉር ብቻ ወደ ላይ ሰብስበው ያዙት። አክስቴ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀምጣ መጣች። ጣቷን እዚያ አስገባች፣ አንዲቷን ጥቅል ጎትታ ለቀቀቻት፣ እንደገና ጎትታ ለቀቀቻት። ከዚያ እዚያው እንደቆመች ሻሿን ፈታችና እጄን ይዛ ራሷ ላይ አስቀመጠችው። ከርዳዳ ነበር፣ እፍግ ያለ፣ ልክ እንደ እኔ።

«ወንድሜን ናት» አለች። እናቴ ካለችበት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር የምታለቅሰው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አክስቴ ወደ ጎንደር ወሰደችኝ፣ በአባቴም ስም ትምህርት ቤት ገባሁ። እናቴ ሥራዋን ትታ መምጣት አልቻለችምና ካርቱም ቀረች፣ የመጣችው እኔ ከአደግሁ በኋላ ነው። ያ ማጅራቴ ላይ የተረፈ ፀጉር አባት ሰጥቶኝ ከእናቴ ለየኝ፤ ላመስግነው ወይስ ልቀየመው እስካሁን አልቆረጥኩም። በዚያ ቀን ግርግር የጅቡም ተረት ሳያልቅ ቀረ። በስልክ ስጠይቃቸው እማማ ትርንጎ «ፀጉርሽን ይዘሽ ነይና እጨርስልሻለሁ» ይሉኝ ነበር። ሳልሄድ እዚያው ካርቱም አረፉ።

አሁን እኔም የሴት ልጅ እናት ነኝ። ልጄ የወጣችው እኔን ነው፣ በፀጉሯም በመቁነጥነጧም። አንዳንዴ በፀጉሯ ስቀውባት ከመዋዕለ ሕፃናት አልቅሳ ስትመለስ፣ ሱቅ ውስጥ ክሬሞቹ የተደረደሩበት ጋ ስደርስ እግሬ ይዘገያል፤ እናቴ ያኔ ምን እንደተሰማት ይገባኛል፣ ልወቅሳትም አልችልም። ገዝቼ አላውቅም፣ ግን አልገዛም ብዬም አልምልም።

አባቴ ከሊቢያ አልተመለሰም፣ ድምፁንም አልሰማሁም። ልጄን በጉልበቶቼ መሃል አስቀምጬ ሳበጥራት ማጅራቷ ጋ ስደርስ ሚዶው ይያዛል። «ውይ እማ፣ ቶሎ በይ» ትለኛለች። እኔ ግን እጄን ሳላነሣ እዚያው ትንሽ እቆያለሁ። አባቴ ጋ እጄ የሚደርሰው እዚያ ብቻ ነው።