ዘጠኝ ነፍስ በፊደል

መሪጌታ ባዘዘው አሸተን ማርያም ገዳም ሥር ተወልዶ፣ ዜማ ተምሮ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ደግሞ ስንቱን ገበሬ ፊደል ያስቆጠረ ሰው ነው። በሰባ ሰባት ዓ.ም. ድርቁ ሲጠና ቀበሌው የእርዳታ መዝጋቢ አደረገው። አራት መቶ ቤት በእግሩ ዞሮ መዘገበ። የቤተሰቡን ብዛት ቅጹ ላይ በለመደው የግዕዝ አኀዝ ጻፈ፤ ተው ያለው አልነበረም።

እህሉ ሲመጣ ለየቤቱ አሥራ አምስት ኪሎ ብቻ ሆነ። ብቻውን ለሚኖረው ለአረጋም፣ ዘጠኝ ነፍስ ላለባት ለየሻረግም እኩል።

«መሪጌታ፣ አንድ በአንድ ቆጥረው አልነበር እንዴ የጻፉን? ስምንቱን የት አደረሷቸው?» አለችው የሻረግ።

ባዘዘው ቅጾቹ ኮምፒዩተር ውስጥ ለገቡበት ለአዲስ አበባው የእርዳታ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ፤ የሚመልስ ጠፋ። በሦስተኛው ወር ከዚያው መሥሪያ ቤት ከፋለ የሚባል የኮምፒዩተር ባለሙያ መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ዘውገ አብሮት ባዘዘው ቤት ገባና ገና ሳይቀመጥ «አሻጥር ነው! መዝገቡን ሆን ብለህ አበላሽተሃል። ጥፋቴ ነው ብለህ ፈርም!» አለው ባዘዘውን።

ከፋለ ወረቀት ዘረጋ። «ፕሮግራማችን ሲ በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈ ነው። ከቋንቋው ጋር የምንጠቀምበት አንድ ዝግጁ ትእዛዝ አለ፤ ቁጥር ወይም ፊደል ብለን ዓይነቱን ስንነግረው የዚያን ዓይነት መስኮች ይዘረዝርልናል።»

«መስክ? መስኩማ ከተቃጠለ ሁለት ዓመቱ!»

ከፋለን ሳቅ አመለጠው። «የግጦሹን አይደለም፣ መሪጌታ። የቅጹን ዓምድ ነው መስክ የምንለው። የቁጥር ዓይነቶቹን ዘርዝር ስንለው የቤት ቁጥርን ብቻ አወጣ። የቤተሰብ ብዛት ከስምና ከቀበሌ ጋር የፊደል ዓይነት ውስጥ ተገኘ። ማሽኑ ላይ የእርስዎ ፱ የለም፤ የቢሯችን ጸሐፊ በላቲን ፊደል ‹zetegn› ብላ መታችው። ፕሮግራሙ ቁጥር ሲያጣ ቤቱን እንደ አንድ ሰው ይይዘዋል።»

«ይህን ዝርዝር መቼ አየኸው?» አለው ባዘዘው።

ከፋለ አቀረቀረ። «በመጀመሪያው ወር። ለማረም ፈቃድ ጠይቄ... አልመጣልኝም።»

ባዘዘው ደሙ ፈላ። ፈቃድ! ሰው በየደጃፉ እየወደቀ፣ እነሱ ማኅተም ሲጠብቁ!

«እንግዲህ አሻጥረኛው ማነው? እኔ ነኝ? ወረቀቱን አይቶ ዝም ያለው ነው? ወይስ ፈቃድ የከለከለው? አልፈርምም! ቅጾቹን አምጡ!»

«አፍህን ያዝ!» አለ ዘውገ።

«ሦስት ወር ይዤው ነበር!»

ከፋለ ቅጾቹን ከቦርሳው አወጣ። ባዘዘው እየተሳደበ፣ እያንዳንዱን አኀዝ እየሰረዘ በፈረንጅ ቁጥር ተካው። የሻረግ ቅጽ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ሁለቱን ልጆቿን ባለፈው ወር ራሱ ፍትሐታቸውን አድርሶ ቀብሯቸዋል። 7 ብሎ ጻፈ።

«ሁለቱስ የት ይጻፉ?»

«ለእሱ... መስክ የለንም» አለ ከፋለ።

«ክፈታ! ዓይነቱንም ቁጥር በለው!»

ዘውገ ቅጹን ሊነጥቅ እጁን ሰደደ። ባዘዘው በክንዱ ከለከለው፤ ማስመሪያ አንሥቶ በጠርዙ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመረ፤ ከላዩ «የሞቱ»፣ ከሥሩ 2 ብሎ ጻፈና ለከፋለ ዘረጋለት። ከፋለ ወደ ዘውገ ሳያይ ተቀበለውና ከሌሎቹ ቅጾች በላይ አስቀመጠው።