ስሜ ስንት ፍሬ ነው

አንድ ግቢ የምንኖር መምህርት ልጇን በረንዳ ላይ ታስጠናለች። «ቡና በይ። ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ ጠጠር።» ልጅቷ «ብ፣ ኡ፣ ን፣ ኣ» እያለች አራት ጠጠር ጣሳ ውስጥ ትጥላለች።

የጣሳው ኳኳታ ልጅ ሆኜ ወዳደግኩባት ከተማ ወደ በደሳ ወሰደኝ። አባቴ በአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ደጃፍ ቡና ሲለቅም አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ «አባ፣ እኔንም እንደ ወንድሜ ትምህርት ቤት አስገባኝ» አልኩት። ከሰፌዱ ሦስት ፍሬ አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። «ፋ፣ ጡ፣ ማ። ይኸው ስምሽ። የሚጠራሽ ሰው እስካለ ፊደል ምን ይሠራልሻል?» እምቢ ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ስጦታ መስሎኝ ፍሬዎቹን በሻሼ ጫፍ ቋጠርኳቸው።

ዛሬ በምኖርበት በጭሮ ከተማ ሁሉም «እማማ» ነው የሚለኝ። በስሜ የሚጠራኝ ባሌ ብቻ ነበር፣ አላህ ይዘንለት።

እናትና ልጅ ቤት ሲገቡ ጣሳውን ሳብ አድርጌ እንደ ልጅቷ ሞከርኩ። «ፍ፣ ኣ፣ ጥ፣ ኡ፣ ም፣ ኣ።» ስድስት ሆነ። ለካ አባቴ የሰጠኝ ግማሹን ነበር። ጠጠሮቹን አፍስሼ ስሜን እንደገና ጠራሁት፣ በዝግታ፣ ሰው ከበር እንደሚጠራኝ አድርጌ።

«አቤት» አልኩ።