ተቃዋሚ ካለ

ልብስ ሰፊዋን ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል። እኔ ከሱቃቸው አጠገብ ፀጉር አስተካክላለሁ። ዓይናቸው ደክሞ ክር ማስገባት ሲያቅታቸው፣ ቤቱን ሸጠው ልጃቸው ዘንድ ሊጠቃለሉ ቆረጡ። ገዢ ተገኘ። ካርታው አለ፤ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ነው የሚለውም ወረቀት ወጣ። የቀረው የባልየው ፊርማ ነበር፤ ካርታው በሁለቱም ስም ነውና።

ባልየው ደግሞ ከሃያ ዓመት በፊት የእትዬን ክንድ ሰብሮ እንደወጣ ቀርቷል። መሞቱን ያየ የለም። እትዬ ግን እስከዛሬ በሩን ሁለት ጊዜ ሳይቆልፉ አይተኙም።

«ወይ ባለቤትዎ መጥተው ይፈርሙ፣ ወይ የሞት ማስረጃ ያምጡ። ለማስረጃው ሦስት ምስክር ያስፈልጋል» አለ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ። አንዱ ምስክር እኔ ሆንኩ። እጄን አንስቼ ሞቷል ብዬ ማልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንኳን መሞቱን መታመሙንም አልሰማሁም። ለእትዬ ብዬ ነው። በኋላ ግን በሐሰት መመስከር ምን እንደሚያስቀጣ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

የባልየው ስም በጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ ሞቷል መባሉን የሚቃወም፣ ተቃዋሚ ካለ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል። በየማለዳው ከእትዬ ጋር እየሄድን አነብላቸዋለሁ።

«የመጣ ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም የለም፣ እትዬ።»

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ፣ የማላውቀው ሽማግሌ ወንበሬ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ባልየው ይሆን እያልኩ ፊቱን በመስታወት እመረምር ነበር። የአንዱን ጆሮ አቆሰልኩ። ሰውዬው ያልረገመኝ እርግማን የለም።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ወረቀቱ ከሰሌዳው ላይ የለም። ሁለታችንም ክው አልን። እትዬ ክንዳቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደገፉ።

«እሱ ነው የወሰደው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ባልየው ቤቱን ሲረከብ፣ እኔ እስር ቤት ስገባ ታየኝ። የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ መጥቶ «ዝናብ አበሰበሰው፤ ውስጥ ለጥፌዋለሁ» ባይለን ኖሮ እዚያው በወደቅን።

ሠላሳው ቀን ሞላ። ጸሐፊው መዝገቡን አገላበጠና «ተቃዋሚ አልቀረበም፣ እማማ» ብሎ የሞት ማስረጃው ላይ ማኅተሙን መታበት። እኔ ትንፋሼ ተመለሰ። እትዬ ግን ከመስኮቱ አልተንቀሳቀሱም።

«እስቲ ደግመህ እየው፣ ልጄ።»

«አይቻለሁ። ማንም አልመጣም።»

«እህት አለችው እኮ። ሁለት ወንድሞችም አሉት።»

«አልመጡም፣ እማማ።»

ማስረጃውን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ደረጃው ላይ ስንደርስ ቆሙ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ፈራሁት» አሉኝ። «ለካ አልሞተም ብሎ የሚከራከርለት አንድ ሰው እንኳ የለውም።»

እዚያው ተቀምጠው አለቀሱ። ነፍስ ይማር ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መሞቱን አሁንም አላውቅም።