ፈረሰኛውን የወሰደው ቁራ

ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አማቴ አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። «ሰውየው» ነው የሚሉኝ። «ሰውየው መጣ?» «ሰውየው በላ?» እርሳቸው የጎንደር መሪጌታ፣ እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህር፤ ምን አጠፋሁ? ነገሩ ይከነክነኝ ነበር።

ስለዚህ የዳግማ ትንሣኤ ማግስት ከደባርቅ በላይ ተራራ ላይ ወስጄ፣ በገዛ እጄ ዶሮ ወጥ ሠርቼ ላበላቸው ማልሁ። ባለቤቴ ዶሮውን አጥባ፣ ብልቱን አውጥታ ሰጠችኝና «ከዚህ ወዲያ ማማሰያህንም አልነካም!» አለች።

ድንኳኑን ስተክል አማቴ ጋቢያቸውን ደርበው ዙሪያውን ዞሩት።

«ምነው፣ ማን ሞቶ ነው?»

ባለቤቴ ከሳቋ የተነሣ መቆም አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሽንኩርቱ መጣ። እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል አማቴ አዩኝና «አሁንስ ለቅሶው ደመቀ» አሉ። ነፋሱ ከሰሉን በአንድ ወገን ያቀጣጥላል፣ በሌላ ወገን ያጠፋል። በካርቶን ሳራግብ ውዬ እንደ ድስቱ ቂጥ ጠቆርሁ። የደጋ ድስት ደግሞ ቶሎ አይበስልም! ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን ወጡ ቅቤውን አንሳፈፈ፤ ሽታው እኔኑ ሠሪውን አስደነገጠኝ።

ፈረሰኛው፣ ያ ለክቡር እንግዳ የሚወጣው ብልት፣ የርሳቸው ነው። እንጀራው ላይ አሳምሬ አወጣሁና እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ ቆምሁ። ማዕድ ሳይባረክ አይቀመስም፤ የመሪጌታ ቡራኬ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። ዓይኔን ጨፍኜ «አሜን፣ አሜን» እላለሁ። መሀል ላይ ሳህኑ ቀለለኝ። ጸሎቱ ነው አልሁ።

ዓይኔን ስገልጥ አንድ አፈ ወፍራም ቁራ ፈረሰኛዬን ይዞ ገደሉ ላይ ይንሳፈፋል።

«አንተ ሌባ! መብረቅ ይምታህ!» ብዬ ማማሰያዬን ወረወርሁበት። ማማሰያውም ገደል ገባ። አቤት ውርደት! ያን ሁሉ ሽንኩርት አልቅሼ፣ ያን ሁሉ ጭስ ጠጥቼ፣ አሁንማ ዕድሜ ልኬን «ሰውየው» ሆኜ ልቀር ነው። ባለቤቴ እንኳ አልሳቀችም።

አማቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ። ትንሽ ቆይቶ ቁራው ተመልሶ መጣ። ድስቱ አጠገብ አረፈና አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ጭማሪ እንደሚጠብቅ እንግዳ አየኝ።

አማቴ መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ገደሉ አስተጋባው።

«የኖኅ ቁራ ተልኮ በዚያው ቀረ። ያንተው ግን ተመለሰ፤ ወጡ ሸጋ ቢሆን ነው እንጂ!» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። «በል ድስቱን ክደንና ና፣ ልጄ። ለእኛም ይትረፈን።»

ልጄ! ከመክደኔ በፊት ለቁራው አንድ ቅልጥም ወረወርሁለት።