የጋሽ ጥሩሰው ሜዳ

ጋሽ ጥሩሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ምስማር ሸጠው፣ ምስማር ያልተመታበት መሬት የሚወዱ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ይህን ባወቀ ጊዜ አበዱ አለ።

ነገሩ የተጀመረው በጃንሆይ ጊዜ ነው። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ ከቀራንዮ ታች ካለው ሰፈራችን ሦስት ቤት ከነአጥሩ ወሰደ። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ የጎረቤቴ የብዙነሽ ድስት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቤት የፈረሰባቸው እዚያው ወንዙ አፍ ላይ መልሰው ሊሠሩ ሲሉ፣ ጋሽ ጥሩሰው ላይኛውን ጓሯቸውን ሸንሽነው ሰጧቸውና በምትኩ የእነሱን የወንዝ ዳር ቦታ ተረከቡ። ገደሉን አስተካከሉ፣ ከቤቶቹ ፊት እንሰት ደረደሩ፣ የቀረውን ሰፊ ቦታ ሣር አለበሱት።

"ጀፎረ ነው" አሉን። "እኛ ጉራጌ አገር ከደጅ ፊት እንዲህ ያለ ሜዳ ይተዋል። የሁሉም ነው፣ ማንም አያጥረውም። ወንዙም ሲመጣ የሚያርፍበት ይኑረው እንጂ!"

"ለወንዝ ፍራሽ አነጠፉ!" ብለን ሳቅን።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ባዶ መሬት አይቶ ዝም የሚል የለም። ጎመን መትከል ያማራት ብዙነሽ "ሣር ይበላል እንዴ?" እያለች ሰፈሩን አነሣሣች። የእድሩ ሰዎች ጋሽ ጥሩሰውን አስጨንቀው፣ ልጃቸው ዘመነች ከተዳረች በኋላ ሜዳው ለየቤቱ እንዲከፋፈል እሺ አሰኟቸው። የመከፋፈያው ችካል ተጠርቦ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ጥሩሰው ሲመሻሽ ሣሩ ላይ ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር፤ አንጀቴን በሉት።

ሰርጉ የሰኔ ጾም ሳይገባ እዚያው ሜዳ ላይ ሆነ። ለድንኳኑ ካስማ ቢያጥረን ያንኑ ችካል መታንበት። ክትፎው ሲቀርብ ዝናቡ ወረደ። "ወንዙ ወጣ!" ተባለ። ብዙነሽ "ቤቴን!" ብላ ጮኸች፤ በሯ ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው።

ወንዙ መጣ፣ ሣሩ ላይ ተንጣለለ፣ ቁርጭምጭሚታችን ድረስ ደረሰና ጉልበቱ ከዳው። እንሰቱን አላለፈም። አንዱ ከበሮ መታ፤ ያን ጊዜ ማን ይቻለን! ዘመነች ቬሎዋን ሰብስባ፣ ሚዜዎቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ውሃ እየተራጨን ጨፈርን። ጋሽ ጥሩሰው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ።

በመልሱ ቀን ግትሩ የእድር ዳኛችን ቀጄላ ሜዳውን ሊያከፋፍል ገመድ ይዞ መጣ።

"ችካሉስ?" አለ።

ብዙነሽ ከዶሮ ወጡ ላይ ቀና እንኳ አላለችም። "እርጥብ ስለሆነ ያጨሳል እንጂ እየነደደ ነው" አለችና የመጨረሻውን ወደ እሳቱ ገፋችው።