ከቁም ሳጥኑ የፈሰሰው ቢራ

ሰዎቹን አንድ በአንድ ልጥራ። እኔ፤ በደባልነት አብሮኝ ይኖር የነበረው ዳኛቸው፤ ላገባት የፈለግኳት ሂሩት፤ አባቷ አቶ መኮንን፤ አዲስ አበባ ታመው የተኙት እናቷ ወይዘሮ አስካለ። የወይዘሮ አስካለ ምኞት አንድ ነበር፤ የልጃቸውን ሰርግ ማየት።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ልጄ ናታን ነው። ባለፈው እሑድ ወጥ ቤት ስገባ ባልዲ ላይ አጎንብሶ አገኘሁት። ምን እንደሆነ ስጠይቀው እንደ ልማዱ በስዊድንኛ መለሰልኝ፦ «ቀላል የእንግሊዝ ቢራ ነው አባዬ። ሦስት ፐርሰንት ብቻ።»

እኔም ያኔ ሕሊናዬን ያስተኛሁት በዚህችው ቁጥር ነበር።

ከዳኛቸው ጋር ስዊድን ውስጥ ሁስቢ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ በረዶው እስከ ጉልበት በደረሰበት ወር። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩትን መጽሐፍ እያነበብኩ ብቅልና የፈረንጅ ጌሾ አፍልተን ጠመቅን። ቤቱ ትኩስ ዳቦ ሸተተ። ችግሩ አቶ መኮንን የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ መሆናቸው ነው። ሂሩትን ሳስጠይቅ «ቤትህ መጠጥ ይገባል?» ብለውኝ «በፍጹም» ብያለሁ። በአምስተኛው ቀን ደወሉ፦ «ነገ ቤትህን ለማየት እመጣለሁ።»

መጽሐፉ ሁለት ሳምንት ጠብቁ ይላል። ባልዲው ግን የሚደበቅበት አልነበረም።

«ተወው መጽሐፉን!» አለ ዳኛቸው። «አረፋው ተኝቷል። እናቴ ጠላ ስታደርስ ከአምስት ቀን በላይ ይፈጅባታል እንዴ?»

የእናቱ ጋን ይተነፍሳል። እኛ ግን ሠላሳ ጠርሙስ ሞልተን፣ በቆርኪ አፍነን፣ ማሞቂያው አጠገብ ያለው ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትነው።

አቶ መኮንን መጡ። ዳኛቸው በትሕትና ካፖርታቸውን ተቀብሎ እዚያው ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለው። ምስር ወጡን ገና ሁለቴ እንደጎረሱ፣ ጧ!

«ምንድን ነው?»

«ማሞቂያው ነው ጋሼ፤ አርጅቷል» አልኩ።

ጧ! ዳኛቸው ራዲዮኑን ከፍ አደረገው። በሦስተኛው ፍንዳታ ቢራው ከቁም ሳጥኑ ሥር ወጥቶ እግራቸው ድረስ ፈሰሰ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

«ማሞቂያችሁ በብቅል ነው የሚሠራው?»

«ቀላል ነው ጋሼ፤ ሦስት ፐርሰንት ብቻ ነው» አልኩ።

«መጠጡንስ ለክተኸዋል» አሉ። «ውሸቱ ስንት ፐርሰንት ነው?»

የራሰ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ።

ናታንን ባልዲውን ድፋው አላልኩትም። ለመሙላት አትቸኩል፣ ከማንም አትደብቅ አልኩት። ቢራው በደለኝ ብል እዋሻለሁ፤ ያስቸኮለኝ ውሸቴ ነው። የከፈልነው ሲደመር ይህ ነው፦ ከዳኛቸው ሠላሳ ጠርሙስ፤ ከአቶ መኮንን አንድ ካፖርት፤ ከእኔና ከሂሩት፣ አባቷ እስኪያምኑኝ የጠበቅናቸው ሁለት ዓመታት። ወይዘሮ አስካለ አንዱን ዓመት ብቻ ጠበቁን፤ ሰርጉን ሳያዩ አረፉ።